የጭን ጡንቻ በሁሉም በኩል እኩል አይዳብርም፦ ለወላጆችና ለአረጋውያን የቀረበ ማብራሪያ



በአማርኛ «ጉልበት» ስንል ሁለት ነገር ማለታችን ነው። አንደኛው ጭንና ቅልጥም የሚገናኙበት መታጠፊያ ነው፤ ሁለተኛው ኃይል ነው። አባቶቻችን ሁለቱን በአንድ ስም መጥራታቸው ያለ ምክንያት አይመስለኝም። ሰው ከተቀመጠበት ለመነሳት፣ ደረጃ ለመውጣትና ለመውረድ፣ የልጅ ልጁን አንስቶ ለማቀፍ የሚያስችለውን ኃይል በብዛት የሚያገኘው ጉልበትን ከሚዘረጋው የጭን ጡንቻ ነውና።

ስለዚህ ጡንቻ ለመጻፍ ያነሳሳኝ አንድ የቤት ጉብኝት ነው። ዕድሜያቸው ከ70 ዓመት ካለፈ አንዲት እናት ቤት ሄጄ ስለ መድኃኒት አወሳሰዳቸው ስንነጋገር እንዲህ አሉኝ፦ «ልጄ፣ በየቀኑ በእግሬ እስከ ገበያው ደርሼ እመለሳለሁ፤ መንገድ አይደክመኝም። ከዚህ ሶፋ ለመነሳት ግን ሰው መጥራት ጀምሬአለሁ። ሌሊት ሽንት ቤት ገብቼ መነሳት ቢያቅተኝስ እያልኩ እፈራለሁ። ምን ሆኜ ነው?» ሐኪማቸው አስቀድመው መርምረዋቸው ለዚህ የሚያበቃ ሌላ በሽታ አላገኙባቸውም ነበር። እኔም «እማማ፣ ሲሄዱም ሲነሱም የሚሠራው ይኸው የጭን ጡንቻ ነው፤ ነገር ግን ሁሉም ክፍሉ እኩል አይሠራም» አልኳቸው። ነገሩ ግራ ስላጋባቸው ቁጭ ብለን በዝርዝር ተነጋገርንበት። ሌሎችም ይጠቀሙበት ዘንድ እነሆ ጽፌዋለሁ።

የጭን ጡንቻ ስንት ክፍል አለው?

የጭን የፊት ጡንቻ ከውጭ ሲታይ አንድ ወጥ ሥጋ ይመስላል። በእርግጥ ግን አራት ጡንቻዎች ጎን ለጎንና ተደራርበው የሚገኙበት ነው። አንዱ በጭን የውጭ ጎን፣ ሁለተኛው በውስጥ ጎን፣ ሦስተኛው በመሃል ከአጥንቱ ጋር ተጣብቆ ይገኛል። አራተኛው ደግሞ ከሦስቱ በላይ ሆኖ በጭን መሃል ቀጥ ብሎ ይወርዳል። አራቱም ወደ ታች ሲወርዱ በአንድ ጠንካራ ጅማት ይጠቃለሉና ከጉልበት ፊት ያለችውን ክብ አጥንት ይዘው ከቅልጥም አጥንት ላይ ይታሰራሉ።

በመካከላቸው አንድ ትልቅ ልዩነት አለ። ሦስቱ ጡንቻዎች የሚነሱት ከራሱ ከጭን አጥንት ስለሆነ የሚያዙት ጉልበትን ብቻ ነው። ቀጥ ብሎ የሚወርደው አራተኛው ጡንቻ ግን የሚነሳው ከዳሌ አጥንት ነው። ስለዚህ ዳሌንም ጉልበትንም ያዛል። ይህ ልዩነት ወደፊት ስለሚያስፈልገን አስታውሱት።

እያንዳንዱ ጡንቻ ደግሞ እንደ ተጠቀለለ የጥጥ ክር በሺህ ከሚቆጠሩ ቀጫጭን ክሮች የተሠራ ነው። ርዝመቱም ሦስት ቦታ ሊከፈል ይችላል፤ ማለትም ወደ ዳሌ የሚጠጋው የላይኛው ክፍል፣ መካከለኛው ክፍልና ወደ ጉልበት የሚጠጋው የታችኛው ክፍል።

ጡንቻ የሚዳብረው እንዴት ነው?

ጡንቻ ከለመደው በላይ ክብደት ሲሸከም ክሮቹ መወጠራቸውን ያውቃሉ። ከዚያም ከምንበላው ምግብ የሚገኘውን ፕሮቲን እየተጠቀሙ ራሳቸውን ያወፍራሉ። ጡንቻ የሚዳብረው በዋነኛነት ያሉት ክሮች ስለሚወፍሩ ነው እንጂ አዲስ ክሮች ስለሚበቅሉ አይደለም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የምናገኘው ጥንካሬ በብዛት የሚመጣው ደግሞ ነርቮች ጡንቻውን በተሻለ ሁኔታ ማዘዝ ስለሚማሩ ነው። በዓይን የሚታይ ለውጥ ሁለትና ሦስት ወር ሊጠይቅ ይችላል። ስለሆነም በሦስተኛው ሳምንት «ጭኔ እንደ ድሮው ነው» ብሎ ተስፋ መቁረጥ አይገባም።

ቀደም ባሉት ዘመናት የጡንቻ እድገት የሚለካው የጭንን ዙሪያ በሜትር በመለካት ነበር። በአሁኑ ጊዜ በአልትራሳውንድና በኤም አር አይ መሣሪያ የጡንቻውን ውስጥ ማየት ይቻላል። የሰንበት ዳቦ ተቆርሶ እያንዳንዱ ቁራጭ እንደሚታይ ሁሉ፣ ተመራማሪዎችም ጭኑን ከላይ እስከ ታች በየቁራጩ እያዩ የትኛው ክፍል እንደ ወፈረ ይለካሉ። በዚህ መንገድ የታወቀው ነገር ጡንቻ በሁሉም ቦታ እኩል እንደማያድግ ነው።

እኩል የማያድገው ለምንድን ነው?

ዋና ዋናዎቹ ምክንያቶች ሦስት ናቸው።

1. የእንቅስቃሴው ዓይነት። ቁጢጥ ብለን ስንነሳ ዳሌና ጉልበት አንድ ላይ ይታጠፋሉ፤ አንድ ላይም ይዘረጋሉ። ከዳሌ የሚነሳው አራተኛው ጡንቻ በጉልበት በኩል ሲለጠጥ በዳሌ በኩል ስለሚያጥር ርዝመቱ ብዙም አይለወጥም፤ የሚደርሰው የሥራ ድርሻም ያንሳል። እ.ኤ.አ. በ2019 በጃፓን ተመራማሪዎች የታተመ አንድ ጥናት ክብደት ተሸክመው ለ10 ሳምንት ቁጢጥ ብለው ሲነሱ የቆዩ ወጣቶችን ጭን ለክቶ ነበር። ጉልበትን ብቻ የሚያዙት ጡንቻዎች አድገዋል። ቀጥ ብሎ የሚወርደው ጡንቻና የጭን የኋላ ጡንቻዎች ግን ለውጥ አላሳዩም። በአንጻሩ ወንበር ላይ ተቀምጦ እግርን ወደ ፊት መዘርጋት ይህን ቀጥ ያለውን ጡንቻ ጥሩ አድርጎ ያዳብረዋል።

2. ጡንቻው ተለጥጦ መሥራቱ። ጡንቻ በተለጠጠበት ሁኔታ ላይ ሆኖ ክብደት ሲሸከም ብዙ ጊዜ የተሻለ ያድጋል። እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የ12 ሳምንት ጥናት ወደ ታች ዝቅ ብለው የሚነሱትን ጥቂት ብቻ ዝቅ ከሚሉት ጋር አወዳድሮ ነበር። ዝቅ ያሉት ሰዎች የፊት ጭናቸው በተለካበት ቦታ ሁሉ አደገ። ጥቂት ብቻ ዝቅ ያሉት ግን ያደገላቸው ወደ ዳሌ የሚጠጋው የላይኛው ክፍል ነበር። እንዲሁም እ.ኤ.አ. በ2021 በታተመ ሌላ ጥናት የጭን የኋላ ጡንቻን በመሣሪያ ላይ ተቀምጠው ያሠሩት፣ ማለትም ጡንቻው በዳሌ በኩል ተለጥጦ ሳለ የሠሩት፣ በ12 ሳምንት ውስጥ 14 በመቶ ያህል ሲያድግላቸው በሆድ ተኝተው የሠሩት ግን 9 በመቶ ያህል ነው ያደገላቸው። የባት ጡንቻም እንዲሁ ነው። ጉልበትን ዘርግቶ በቁም ተረከዝን ማንሳት የላይኛውን የባት ጡንቻ ተቀምጦ ከማንሳት እጅግ በበለጠ ያዳብረዋል።

3. መነሳትና መውረድ። ክብደት ስናነሳ ጡንቻው እያጠረ ይሠራል። ክብደቱን ቀስ ብለን ስናወርድ ደግሞ እየተለጠጠ ይሠራል። እ.ኤ.አ. በ2014 በታተመ የ10 ሳምንት ጥናት አንዱ ቡድን በእግሩ ክብደት ሲገፋ ሌላው ቡድን ቀስ ብሎ ሲያወርድ ቆየ። የውጭ ጎን የጭን ጡንቻቸው ጠቅላላ እድገት ተቀራራቢ ነበር። ቦታው ግን ተለያየ። በገፉት ሰዎች መካከለኛው ክፍል በ11 በመቶ ያህል ሲያድግ ወደ ጉልበት የሚጠጋው ክፍል ያደገው 2 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ባወረዱት ሰዎች መካከለኛው ክፍል 7 በመቶ፣ የታችኛው ክፍል 8 በመቶ ያህል አደገ።

ከዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን መጠንቀቅ ያስፈልጋል። አንደኛ፣ እነዚህ የመጠን ልዩነቶች ናቸው እንጂ አንዷን ቦታ ብቻ ነጥሎ ማሳደግ አይቻልም። «ይህ እንቅስቃሴ የጉልበትን የውስጥ ጎን ብቻ ይሠራል» የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አጋኖ ነው የሚናገረው። ሁለተኛ፣ ጡንቻ በቦታው ያድጋል፤ ስብ ግን በቦታው አይጠፋም። የሆድ እንቅስቃሴ መሥራት የሆድን ጡንቻ ያጠነክራል እንጂ የሆድን ስብ ለይቶ አያቀልጥም።

በሀገር ቤትና እዚህ

አረጋውያኖቻችን በጎንደር ገጠር ሲኖሩ የጥንካሬ ልምምድ የሚባል ነገር አያውቁም ነበር፤ አያስፈልጋቸውምም ነበር። እናቶች ውኃ ቀድተው እንስራ አዝለው ዳገት ይወጣሉ፤ ወፍጮ ላይ ተንበርክከው ይፈጫሉ፤ ከምድጃ አጠገብ ቁጢጥ ብለው ይውላሉ። አባቶች ያርሳሉ፤ ጎንበስ ብለው ያርማሉ፤ ያጭዳሉ። መቀመጫው በርጩማና መደብ ስለነበር በቀን ውስጥ ብዙ ጊዜ ከዝቅተኛ ቦታ መነሳት ግድ ነበር። ስለዚህ ጡንቻው ተለጥጦም፣ አጥሮም፣ ዳገት ወጥቶም፣ ቁልቁል ወርዶም ይሠራ ነበር።

እዚህ ግን ሊፍት አለ፤ አውቶቡስ አለ፤ ውኃው ከቧንቧ ይቀዳል። ከሶፋ ስንነሳ በእጃችን እንገፋለን። በእግር መሄድ እጅግ ጠቃሚ ነው፤ ለልብ፣ ለደም ግፊትና ለስኳር በሽታ ስለሚረዳ ማንም እንዳያቋርጠው አደራ። ይሁን እንጂ በደልዳላ መንገድ ስንሄድ ጉልበታችን የሚታጠፈው በጥቂቱ ነው። ጡንቻው በጣም ተለጥጦ ክብደት የሚሸከምበት ጊዜ የለም ማለት ይቻላል። ያች እናት መንገድ ሳይደክማቸው ሶፋው ያሸነፋቸው በዚህ ምክንያት ነበር። መንገዱ የማይጠይቀውን ኃይል ሶፋው ይጠይቃቸዋል።

ነገሩ ከሶፋም ያልፋል። ከምግብ ወደ ደም የሚገባውን ስኳር በብዛት የሚቀበለው ጡንቻ ነው። ወደ እስራኤል ከመጣን በኋላ የስኳር በሽታ በማኅበረሰባችን ውስጥ ምን ያህል እንደተስፋፋ ሁላችንም በየቤታችን አይተናል። ስለሆነም ጡንቻን መጠበቅ ከመውደቅና ከአጥንት ስብራት ከመከላከሉም ሌላ ስኳርን ለመቆጣጠር ይረዳል።

በእርጅና ጊዜ ጡንቻ ይዳብራል ወይ?

«እኔ አርጅቻለሁ፤ ይህ ለልጆች ነው» የሚሉ አረጋውያን ብዙዎች ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1990 የታተመ በአሜሪካ ቦስተን ከተማ የተደረገ ጥናት ለዚህ መልስ ይሰጣል። በአረጋውያን መኖሪያ የሚኖሩ፣ ዕድሜያቸው 90 ዓመት ገደማ የሆነ 10 ሰዎች በባለሙያ እየታገዙ እግርን የመዘርጋት ልምምድ ከክብደት ጋር ጀመሩ። 8 ሳምንት ላጠናቀቁት 9 ሰዎች የእግራቸው ጥንካሬ በአማካይ በ174 በመቶ፣ የጭናቸው ጡንቻ ስፋት ደግሞ በ9 በመቶ ጨመረ። ጥንካሬው ከጡንቻው መጠን ይልቅ እጅግ የጨመረው ከላይ እንደተገለጸው ነርቮችም ስለሚማሩ ነው። ልምምዱ ሲቆም ግን ጥንካሬው ተመልሶ ቀነሰ። ስለዚህ ዕድሜ አይከለክልም፤ ማቋረጥ ግን ያገኙትን ያሳጣል።

በቤት ውስጥ ምን መሥራት ይቻላል?

የሚከተሉት አምስት እንቅስቃሴዎች ተመርጠው የቀረቡት እያንዳንዳቸው ሌላው የማይደርስበትን ክፍል ስለሚያሠሩ ነው።

ሀ. ቀስ ብሎ መቀመጥና መነሳት። የማይንሸራተት ጠንካራ ወንበር ከግድግዳ ጋር ያስጠጉ። እጅን በደረት ላይ አድርገው ይነሱ፤ ሲቀመጡ እስከ 4 እየቆጠሩ ቀስ ብለው ይውረዱ። ዘፍ ብሎ መቀመጥ የልምምዱን ግማሽ ጥቅም ያስቀራል። ያለ እጅ መነሳት ካልተቻለ ወንበሩ ላይ ትራስ ጨምረው ከፍ ያድርጉት፤ እየጠነከሩ ሲሄዱ ትራሱን ያውጡት።

ለ. ተቀምጦ እግር መዘርጋት። ወንበር ላይ ተቀምጠው ጀርባዎን ደግፈው አንድ እግርዎን ወደ ፊት ይዘርጉ፤ እስከ 3 ቆጥረው ቀስ ብለው ይመልሱት። ይህ ቀጥ ብሎ ለሚወርደው ጡንቻ ነው። ሲቀል ቁርጭምጭሚት ላይ የሚታሰር ክብደት ይጨመርበታል።

ሐ. መቀመጫን ማንሳት። አልጋ ላይ በጀርባ ተኝተው ጉልበትዎን አጥፈው መቀመጫዎን ከአልጋው ያንሱ፤ ቀስ ብለው ይመልሱ። ይህ የመቀመጫንና የጭን የኋላ ጡንቻን ያሠራል።

መ. ተረከዝ ማንሳት። ወንበር ወይም የወጥ ቤት ጠረጴዛ ይዘው ጉልበትዎን ሳያጥፉ በጣትዎ ይቁሙና ቀስ ብለው ይውረዱ። ይህ ለባት ነው።

ሠ. አንድ ደረጃ መውረድ። የደረጃውን መደገፊያ ይዘው ከመጨረሻው ደረጃ ላይ አንድ እግር ቀስ ብለው ያውርዱ፤ ተመልሰው ይውጡ። ይህ ወደ ጉልበት ለሚጠጋው የጭን ክፍል ይጠቅማል። ሚዛን ለመጠበቅ የሚቸገር ሰው ያለ ረዳት አይሥራው።

እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ ሠርተው ጥቂት ዐርፈው አንድ ጊዜ ይድገሙት። የመጨረሻዎቹ ሁለትና ሦስት ጊዜያት ሊከብዱ ይገባል፤ ካልከበዱ ጡንቻው ለማደግ ምክንያት አያገኝም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ባወጣው መመሪያ መሠረት አዋቂዎች ጡንቻን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 2 ቀን መሥራት አለባቸው። ዕድሜያቸው ከ65 ዓመት በላይ የሆኑ ደግሞ ሚዛንንና ጥንካሬን የሚያካትት እንቅስቃሴ በሳምንት 3 ቀን ወይም ከዚያ በላይ እንዲሠሩ ይመከራል።

ያለ በቂ ምግብ ጡንቻ አይገነባም። ጤነኛ አረጋዊ በቀን ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደቱ ከ1 እስከ 1.2 ግራም ፕሮቲን ቢያገኝ ይመከራል። 60 ኪሎ ለሚመዝን ሰው ከ60 እስከ 72 ግራም ማለት ነው። አንድ እንቁላል 6 ግራም ያህል አለው። ምስር፣ ሽሮ፣ አይብ፣ ዓሣና ዶሮም ጥሩ ምንጮች ናቸው። የኩላሊት ሕመም ያለበት ሰው ግን መጠኑን ከሐኪሙ ጋር መወሰን አለበት።

ለወጣቶች ወላጆች

ብዙ ወላጆች «ልጄ ክብደት ካነሳ ቁመቱ አያድግም» ብለው ይሰጋሉ። በአሠልጣኝ ቁጥጥርና በተመጣጠነ ክብደት የሚሠራ ልምምድ የልጅን ቁመት አያስቀርም። ይልቁንም ከ5 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ጡንቻንና አጥንትን የሚያጠነክር እንቅስቃሴ በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን ይመከራል። ለጦር ሠራዊት አገልግሎት የሚዘጋጁ ልጆቻችሁን ግን ሦስት ነገር ጠይቋቸው። በአንድ መሣሪያ ላይ ብቻ ነው የምትሠሩት? የጭን የኋላ ጡንቻንስ ታሠራላችሁ? ክብደት ለማብዛት ስትሉ እንቅስቃሴውን በግማሽ ትቆርጣላችሁ? አንዱን ክፍል ብቻ ደጋግሞ ማሠራት ሌላውን ደካማ አድርጎ ያስቀራል። ቀለል ያለ ክብደት ይዞ እስከ ታች በትክክል መውረድ ከባዱን ተሸክሞ በግማሽ ከመመለስ ይሻላል።

ከዚህም በተጨማሪ ጡንቻ በፍጥነት እንዲያብጥ ተብሎ ከሰው እጅ የሚገዛ የሆርሞን መርፌና ክኒን ልብን፣ ጉበትንና ወደፊት ልጅ የመውለድ ችሎታን ሊጎዳ ይችላል። ልጁን በቁጣ ከመመለስ ቀርባችሁ አነጋግሩት፤ ነርስ ወይም ሐኪም ዘንድም አብራችሁ ሂዱ።

ጥንቃቄ

የልብ ሕመም፣ ያልተስተካከለ የደም ግፊት፣ በቅርቡ የተደረገ ቀዶ ሕክምና ወይም ስኳር በዓይን ላይ ያደረሰው ጉዳት ያለበት ሰው ከመጀመሩ በፊት የቤተሰብ ሐኪሙን ያማክር። ኢንሱሊን ወይም ስኳርን ዝቅ የሚያደርግ መድኃኒት የሚወስዱ ከልምምዱ በፊትና በኋላ ስኳራቸውን ይለኩ። ሲያነሱ ትንፋሽ መያዝ የደም ግፊትን ከፍ ስለሚያደርግ እየተነሱ ያስተንፍሱ። በማግስቱ ጡንቻ ቢዝል የተለመደ ነው። በመገጣጠሚያ ላይ የሚወጋ ሕመም ከተሰማ ግን ያቁሙና በቁፓት ሆሊም በኩል ፊዚዮቴራፒስት ዘንድ ለመቅረብ ይጠይቁ። በልምምድ ላይ ደረት ላይ ሕመም፣ የትንፋሽ እጥረት ወይም ራስን መሳት ካጋጠመ ወዲያው 101 ይደውሉ።

በመጨረሻም ስለዚያች እናት ላውጋችሁ። በወንበሩ ላይ ሁለት ትራስ አድርገው ነው የጀመሩት። ሴት ልጃቸው በሳምንት ሦስት ቀን አብራቸው ትቆጥር ነበር። ከሦስት ወር በኋላ ስሄድ ትራሶቹ ተነስተዋል። ቡና ሊያቀርቡልኝ ሲነሱ ማንንም አልጠሩም፤ እጃቸውንም አልተደገፉም። ወደ ገበያ የሚያደርጉትን መንገድም አልተዉም። ሌሊት ሽንት ቤት መሄድ ያስፈራቸው እንደሆነ ስጠይቃቸው «አሁንስ መብራቱን ብቻ ነው የምፈልገው» ብለው ሳቁ።

እናንተም ዛሬ አንድ ጠንካራ ወንበር መርጣችሁ ከግድግዳ አስጠጉ። ጉልበታችሁ ይጽና፤ ጤና ይስጥልን።